ከሞተሩ በፊት ባትሪው፦ ለአነስተኛ የዓሣ ጀልባ የኤሌክትሪክ ሞተር ስለ መምረጥ

የዓሣ አስጋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለልማት ሠራተኞች ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ በባትሪ ስለሚሠራ የጀልባ ሞተር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ ሞተር ነገር በየስፍራው ስለሚወራ፣ ወሬው ሐይቅ ዳር መድረሱ አያስገርምም። ጥያቄው ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው «የትኛው ሞተር ይበልጣል?» በሚል መልክ ነው። እኛ ይህ አጠያየቅ ከመጨረሻው የጀመረ ነው እንላለን። ማኅበሩ በመጀመሪያ ማወቅ የሚገባው የጀልባውን ክብደት ነው፤ ቀጥሎ መረቡ የሚጣልበትን ቦታ ርቀት፣ ከዚያም ባትሪውን። ሞተሩ የሚመረጠው እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ የገዛ ማኅበር የአባላቱን ቁጠባ ከማባከኑም በላይ፣ አስጋሪውን በነፋስ መካከል ያለ ኃይል ሊያስቀረው ይችላል።

ሞተሩን ላላየ ባልደረባ ባጭሩ እንግለጸው። በጀልባው የኋላ ሳንቃ ላይ በማጥበቂያ ብሎኖች ይታሰራል፤ ከላይ መንጃ እጀታ አለው፤ ከእጀታው ወደ ውሃ የሚወርድ ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ከነፕሮፔለሩ ይገኛል። በውጭ አገር የተለመደው ለመዝናናት ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች ዘንድ ሲሆን፣ ሥራውም ጀልባን ያለ ድምፅ ቀስ አድርጎ ማንቀሳቀስ ነው። ሸክም ለማመላለስ ታስቦ የተሠራ አይደለም። ይህን መነሻውን ያልዘነጋ ሰው ከሞተሩ ብዙ ጥቅም ያገኛል።

ጉልበቱ የሚነገረው በፈረስ ጉልበት ሳይሆን በፓውንድ ግፊት ነው። አንድ ፓውንድ 0.45 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ 40 ፓውንድ የተባለ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 18 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋል ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት ሞተሮች በአብዛኛው ከ30 እስከ 55 ፓውንድ ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት 24 ወይም 36 ቮልት ስለሚፈልጉ ሁለት ወይም ሦስት ባትሪ በተከታታይ ማሰር ግድ ይላል። በዚህም ምክንያት «ትልቁን ስጡን» የሚል ማኅበር ሳያውቀው የባትሪውን ወጪ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ያደርጋል።

በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት ለእያንዳንዱ 45 ኪሎ ግራም የተጫነ ክብደት 2 ፓውንድ ግፊት ይበቃል የሚል ነው። በባቱ፣ በሐዋሳና በአርባ ምንጭ አካባቢ በአናጢ እጅ ከሚሠሩት ጠፍጣፋ የሳንቃ ጀልባዎች ርዝመቱ 4 ሜትር ያህል የሆነውን አንዱን እንውሰድ። ጀልባው ራሱ 140፣ ሁለት አስጋሪዎች 130፣ የረጠበ መረብ 30፣ ባትሪ 30፣ ሞተርና ልዩ ልዩ ዕቃ 10፣ ዓሣው 40 ቢሆን ድምሩ 380 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ በስሌቱ 17 ፓውንድ ግፊት ይጠይቃል። ስሌቱ ግን ለጸጥተኛ ውሃ ነው። በእኛ ሐይቆች ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ በማሰብ እጥፉን፣ ማለትም 34 ፓውንድ ብንይዝ፣ ባለ 40 ፓውንድ ሞተር ለዚህ ጀልባ ይበቃል። ባለ 55 ቢገዛ አይጎዳም፤ ነገር ግን ለልዩነቱ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ባትሪው ቢሄድ ይሻላል የሚል ጽኑ አስተያየት አለን።

በስሌት የማያምን አስጋሪ ካለ (አለመማመኑም አይነቀፍም) ማኅበሩ ዓሣ የሚመዝንበት ተንጠልጣይ ሚዛን ይበቃዋል። ጀልባው እንደ ሥራ ቀን ተጭኖ በዳር በዳር በገመድ ይጎተት። ገመዱ ከሚዛኑ መንጠቆ ይታሰርና የሚጎትተው ሰው በእግሩ እርምጃ ልክ እየሄደ ሚዛኑ ስንት ኪሎ እንደሚያሳይ ይነበብ። በነፋስ ሰዓትም ይደገም። የተነበበው ኪሎ ጀልባው የሚፈልገው ግፊት ነው። በዚሁ ሚዛን ሻጩንም መፈተን ይቻላል፤ ጀልባውን ከምሰሶ ጋር በሚዛኑ በኩል አስሮ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ማስነሣት ነው። በካርቶኑ ላይ 55 ፓውንድ ተብሎ የተጻፈ ሞተር ሚዛኑ ላይ 25 ኪሎ አካባቢ ካላሳየ፣ በመጀመሪያ ባትሪው መሙላቱን፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ከዚያም ጽሑፉን መጠራጠር ነው።

ፍጥነት ብዙዎችን የሚያታልል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ በባትሪ ሞተር በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጥሩ ነው፤ የሞተሩ ግፊት እጥፍ ቢሆንም ፍጥነቱ እጥፍ አይሆንም። ፍጥነትን በአንድ አራተኛ ብቻ ለመጨመር የሚያስፈልገው ኃይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ እጀታውን እስከ መጨረሻው አዙሮ መንዳት የለመደ አስጋሪ መንገዱን በጥቂት ደቂቃ ሲያሳጥር ባትሪውን በግማሽ ጊዜ ይጨርሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለ 40 ፓውንድ ሞተር በሙሉ ኃይሉ ከባትሪው 40 አምፒር ያህል ይስባል፤ በመካከለኛ ፍጥነት ደግሞ 15 አምፒር ገደማ። በባትሪ ላይ 100 አምፒር-ሰዓት ተብሎ ሲጻፍ ሁሉንም መጠቀም ይቻላል ማለት አይደለም። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በየቀኑ ከተሟጠጠ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ በእጃችን ያለው 50 አምፒር-ሰዓት ነው ብለን መነሣት አለብን። ይህንኑም በሙሉ ኃይል ሲስቡት አንድ ሰዓት ያህል፣ በመካከለኛ ፍጥነት ሲስቡት ሦስት ሰዓት ያህል ይሄዳል።

እንግዲህ አስጋሪው ማለዳ ውሃው ጸጥ ሲል ተነሥቶ 2 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል እንበል። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግማሽ ሰዓት ይወስድበታል፤ ከባትሪው የሚወጣውም 8 አምፒር-ሰዓት አይሞላም። መረቡን ሲያወጣ ቆየና ነፋሱ ተነሣ። ሲመለስ ነፋሱ ከፊቱ ከሆነ በሙሉ ኃይል እየነዳም በሰዓት ከ2.5 ኪሎ ሜትር በላይ ላይሄድ ይችላል። ያው 2 ኪሎ ሜትር 48 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ከባትሪውም 32 አምፒር-ሰዓት ይወስዳል። በጠቅላላው 40 ያህል ወጣ፤ የቀረው 10 ነው። ይኸው ሰው 4 ኪሎ ሜትር ገብቶ ቢሆን ኖሮ ባትሪው ከመንገዱ በፊት ያልቅ ነበር። በመሆኑም ባለ 100 አምፒር-ሰዓት አንድ የእርሳስ ባትሪ ለያዘ ጀልባ ከዳር 2 ኪሎ ሜትር ወሰን ነው እንላለን። የልማት ሠራተኛውም ማኅበሩ ሞተር ሊገዛ ሲነሣ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው መረቡ የት እንደሚጣል ነው። መልሱ ከወሰኑ ካለፈ፣ ወይ ባትሪው ይጨመር፣ ወይ ነገሩ ይቅር።

እኛም በዚህ ነገር ተሳስተን እናውቃለን። በመጀመሪያው ሙከራችን የተጠቀምንበት ባትሪ ከመኪና የተፈታ ነበር፤ በእጃችን ስለነበረ ብቻ። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንድ ብዙ አምፒር እንዲሰጥ እንጂ ቀስ በቀስ እንዲሟጠጥ አልተሠራም፤ ሳህኖቹ ስስ ናቸው። ሁለት ወር ሳይሞላው ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ እንኳ ከ20 ደቂቃ በላይ አልነዳ አለ። ይህን ያወቅነውም ከዳር አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቀን፣ ማዕበሉ የጀልባውን አፍ መምታት ከጀመረ በኋላ ነበር። በዚያ ቀን ያወጣን መቅዘፊያ ነው። መቅዘፊያውም በጀልባው ውስጥ የተገኘው አብሮን የነበረው አስጋሪ እንቢ ብሎ ስለያዘው ነው፤ እኛማ ሞተር እያለ ምን ያደርጋል ብለነው ነበር። ዳር ስንደርስ ምንም አላለንም።

ስለሆነም የሚገዛው ባትሪ በንግድ ስሙ ዲፕ ሳይክል የሚባለው፣ ለጥልቅ መሟጠጥ የተሠራው ይሁን። ለቤት ሶላር መብራት ከሚሸጡት ባትሪዎች መካከል ይህን ዓይነት ማግኘት ይቻላል። ከዚህ የሚሻለው ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። ባለ 100 አምፒር-ሰዓቱ ከ11 እስከ 13 ኪሎ ግራም ብቻ ሲመዝን የእርሳሱ ወደ 30 ይጠጋል፤ ከ100ውም 80 ወይም 90 ያህሉን ሳይጎዳ ይሰጣል፤ ዕድሜውም በብዙ ይበልጣል። ዋጋው በመጀመሪያ ይከብዳል፤ ነገር ግን በየዓመቱ የእርሳስ ባትሪ ሲቀይር የሚኖር ማኅበር ወጪውን በሦስትና በአራት ዓመት ቢያሰላው ከባድ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ይገለጥለታል። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። አንደኛው፣ በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሞተሩ በሙሉ ኃይል የሚስበውን አምፒር ያለማቋረጥ ማሳለፍ የሚችል መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ሁለተኛው ለአስጋሪው ሊነገረው የሚገባ ነው፦ የእርሳስ ባትሪ ሲያልቅ ሞተሩ እየደከመ ስለሚሄድ ያስታውቃል፤ ሊትየሙ ግን እስከ መጨረሻው በርትቶ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ የቀረውን የሚያሳይ መለኪያ ከሌለው ወደ ውሃ አይውጣ።

ባትሪው የማን ይሁን የሚለውም ከምርጫው የማይለይ ጉዳይ ነው። እኛ ሞተሩ በየጀልባው ቢሆን፣ ባትሪዎቹ ግን የማኅበሩ ንብረት ሆነው በአንድ ቤት ቢሞሉ እንመርጣለን። በየቤቱ የሚሞላ ባትሪ ማታ ቴሌቪዥንና አምፖል ሲያንቀሳቅስ ያመሽና ጠዋት ግማሹን ይዞ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ አስጋሪው ግን ሙሉ ነው ብሎ ያምናል። በማኅበሩ ቤት ቁጥር ተጽፎበት፣ የወጣበትና የገባበት ቮልት በመዝገብ ቢሰፍር፣ የደከመው ባትሪ ከአደጋ በፊት ይታወቃል። የእርሳስ ባትሪ ከተሞላና ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ያህል፣ በግማሽ ሲሆን 12.2 ያህል ያሳያል። መብራት በማይደርስበት ዳር አንድ ባለ 200 ዋት የሶላር ሰሌዳ በበጋ ቀን 50 አምፒር-ሰዓት ያህል መልሶ ሊሞላ ይችላል፤ በክረምት ግን በዚህ መተማመን አይቻልም። የሚሞላበት ክፍል አየር የሚገባበት ይሁን፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ በእሳት የሚፈነዳ ስለሆነ ሲጋራም ሆነ ፋኖስ አይቅረበው።

«ታዲያ የቤንዚኑ ሞተር ምን አጠፋ?» የሚለን አለ። ብዙ አላጠፋም። ሩቅ ይሄዳል፣ ብዙ ይጭናል፣ ነዳጁ ሲያልቅ በጀሪካን ይሞላል። በጣና ላይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ጀልባ ስለ ባለ 12 ቮልት ሞተር ማውራት ቀልድ ነው። ነገር ግን የቤንዚን ሞተር በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳበት በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 ከመቶ ያህል ያጣል፤ ዝዋይ ከ1,600፣ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላሉ ከ15 ከመቶ በላይ ጉልበት ሳይነሣ ቀርቷል ማለት ነው። የኤሌክትሪኩ ይህ አያገኘውም። ቤንዚኑና ዘይቱም ወደ ውሃው ይንጠባጠባል፤ ያንኑ ውሃ ደግሞ በዳር ያለው ሰውና ከብት ይጠጣዋል። ለአጭር መንገድ፣ ለትንሽ ጀልባና ለማለዳ ሥራ የባትሪው ይሻላል ብለን የምንከራከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከደንገል ለሚሠራው ታንኳ ግን አንመክርም። ሞተሩን የሚሸከም ጠንካራ የኋላ ሳንቃ የለውም፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም ዛሬ የተሰላው ክብደት ከሳምንት በኋላ አይሠራም።

አንድ ነገር ከቴክኒኩ ውጭ ብንናገር አንባቢ ይፈቅድልን። በጣና ሐይቅ ላይ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ማስገር የተጀመረው በ1978 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሥራው ለብዙ ሰው እንጀራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ነጭ ዓሣ የሚባሉት ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ በሚሰበሰቡበት በክረምቱ ወራት ሞተሩ እዚያው ድረስ ስላደረሰ፣ በአንድ ጉዞ የሚገኘው የነጭ ዓሣ መጠን ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ በእጅጉ መቀነሱን ጥናት አሳይቷል። ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ ሞተሩ የት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ያልተመከረበት በመሆኑ ነው። ስለዚህ ማኅበር ሞተር ሲገዛ በዚያው ስብሰባ መረብ የማይጣልባቸውን ቦታዎችና ወራት ቢወስን፣ የልማት ሠራተኛውም ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ቃለ ጉባኤ ቢያስጽፍ እንወዳለን። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ትንሿ የባትሪ ሞተር ሩቅ ስለማትሄድ ይህ አያሳስብም ይላሉ። የወንዝ አፍ ግን ለብዙ መንደር ከ2 ኪሎ ሜትር የቀረበ ነው።

ሞተሩ ሲመረጥ ሁለት ነገር በዓይን ይታይ። አንደኛው የፍጥነት መቆጣጠሪያው ነው። ባለ 5 ደረጃ የሆኑት ርካሽ ሞተሮች በዝቅተኛ ፍጥነት የማይፈለገውን ኃይል በመከላከያ ሽቦ ወደ ሙቀት ለውጠው ያባክኑታል፤ ያለ ደረጃ የሚዞረው፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠረው ዓይነት ግን በዚያው ባትሪ በቀስታ ሲነዳ የበለጠ ያስኬዳል። ቀስ ብሎ መንዳት ዋናው ሥራችን ስለሆነ ለዚህ የሚጨመረው ዋጋ ተገቢ ነው። ሁለተኛው የዘንጉ ርዝመት ነው። ጀልባው ተጭኖ ሳለ ፕሮፔለሩ ከውሃው ገጽ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ አጭር ከሆነ በማዕበል ጊዜ አየር ይመታል። በጣም ረጅም የሆነ እንደሆነ ደግሞ እንደ ዝዋይ ባለ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል በሆነ ሐይቅ ዳር ላይ ጭቃ ያርሳል። አናጢው ሳንቃውን ከመቸንከሩ በፊት ሞተሩ ተገዝቶ ቢለካበት የተሻለ ነው፤ የኋላው ሳንቃም ከውስጥ በሁለተኛ ሳንቃ ይደገፍ።

በ12 ቮልት የሚሄድ 40 አምፒር ትንሽ ነገር አይደለም። ለመኖሪያ ቤት አምፖል የሚዘረጋ ሽቦ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ኬብሉ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው መዳብ ሆኖ ቢበዛ ከ3 ሜትር አይለፍ፤ ከባትሪው አጠገብም በሞተሩ ፋብሪካ የታዘዘው ፊውዝ ወይም ቆራጭ ይግባበት። ሞርሴቶው በዳዶና በሮንዴላ ይጥበቅ እንጂ በጥቅልል ሽቦ አይታሰር። 10 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ እጅ ሲነካው የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ካለ እዚያ ላይ ኃይል እየባከነ ነው። ባትሪው ክዳን ባለውና ቀዳዳ በተበጀለት ሳጥን ተቀምጦ፣ ጀልባው ቢዘነበል እንዳይንከባለል ከወለሉ ጋር ይታሰር።

የቀረው መረብና እምቦጭ ነው። በጣና ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታየው እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲይዘው ሞተሩ መዞር እያቃተው ከፍተኛውን አምፒር ይስባል። በዚህ ጊዜ እጀታውን ከመጨመር ይልቅ ሞተሩን ከውሃ አንሥቶ በመቅዘፊያ ማለፍ ይገባል። መረብ ሲጣልና ሲወጣም ሞተሩ ጠፍቶ ከውሃ ይነሣ። የናይሎን ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ሳይታይ ተጠቅልሎ ዘንጉ ላይ ያለውን ጎሚኒ ሲቆርጠው ውሃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ የፕሮፔለሩ ዳዶ ይፈታና ከጀርባው ክር ካለ በእጅ ይውጣ። እዚያው ያለው ትንሽ ፒን ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲመታ ራሱ ተሰብሮ ሞተሩን እንዲያድን የተሠራ ነው፤ በወፍራም ምስማር አይተካ። ሁለት ትርፍ ፒን፣ አንድ ዳዶና አንድ መፍቻ በጨርቅ ተጠቅልለው ከመቅዘፊያዎቹ ጋር በጀልባው ውስጥ ይቀመጡ።